ሰባት ቁጥር ጣሳ

«እጅህን አንሳ አልኩህ! ይቺን ፎቶ ብትነካ ዛሬ ከኔ ጋር ነው!»

«ጋሼ፣ ጠልቼው መሰለዎት? ፌዴሬሽኑ በደብዳቤ አዞኝ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ይውረድ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ይጣራና ይውረድ እንጂ! ሳይመዝኑ ኪሎ መንገር ከመቼ ወዲህ ነው የተጀመረው?»

«አሥራ አንድ ዓመት ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ለኔም እኮ ልጄ ነው።»

«ልጅህ ከሆነ ውረድ ከወንበሩ!»

ኢንስፔክተሯ የጂሙ በር ላይ ቆማ ጠቡን ታዳምጥ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ሰው ሲጠየቅ የሚደብቀውን ሲጣላ እንደሚዘረግፈው ስላየች፣ የሰውን ጠብ አቋርጣ አታውቅም። ወንበር ላይ የቆመው አሠልጣኙ ነው፤ አንገቱና ትከሻው አንድ ላይ የተሠሩ የሚመስሉ ግዙፍ ሰው። ከሥር የፎቶውን ክፈፍ በሁለት ክንዳቸው ያቀፉት የሟቹ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ነጭ ጢማቸውን በጥንቃቄ የከረከሙ ሽማግሌ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ሲጠግኑና ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ፎቶው ላይ ያለው ወጣት ሦስት ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በገዛ ጡንቻው ያፈረ ይመስል አቀርቅሮ ፈገግ ብሏል። ሰው ሁሉ «ግንቡ» ይለው ነበር።

ግንቡ በዋዜማው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዲስ ጣሳ ከፍቶ ሁለት ማንኪያ ቡናማ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ጠጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ሰውነቱን አሟሟቀና ብረቱ ሥር ገባ። ሦስት ጊዜ አነሳ። ብረቱን በጥንቃቄ ቦታው መለሰና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ አልተነሳም። ሆስፒታሉ ደሙ ውስጥ ልብ የሚያጣድፍ አነቃቂ መድኃኒት አገኘ፤ ፈረስ የሚጥል መጠን። እስከ ማታ ድረስ ወሬው አገር አዳረሰ፤ ለካስ ሲወጋ ነው የኖረው፣ ለካስ ያ ሁሉ ጡንቻ የመርፌ ነው ተባለ።

«አባባ፣» አለች ኢንስፔክተሯ በመጨረሻ፣ «ፎቶው አይወርድም። ምርመራ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ዕቃ አይነቃነቅም፤ አንተም ለፌዴሬሽኑ እንደዚያ በላቸው።»

አሠልጣኙ ከወንበሩ ወረደ። የተገላገለ ይመስል ነበር።

«ልጄ መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ነው፣» አሉ ሽማግሌው ክፈፉን ሳይለቁ። «ይኸን ጻፊ።»

ጻፈች።

*

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አሥራ ሁለት ጣሳዎች ተደርድረዋል። ምንም የምርት ስም የለባቸውም፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ብቻ። ከእያንዳንዱ ክዳን ላይ ፊርማ ያለበት ቀጭን ወረቀት ተለጥፏል። የሰባት ቁጥሩ ወረቀት ግን ተቀዶ አግዳሚው ሥር ወድቆ ነበር። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱንም ጣሳውንም አሽጋ ለምክትሏ ሰጠችው። «ላቦራቶሪ። መርፌ ነው የሚለው ወሬ እንዳለ ይሁን፤ ስለ ጣሳው አንድ ሰው እንዳይሰማ።»

ፊርማው የግንቡ እህት ነበር፤ ፋርማሲስት ናት። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቆማ እጇን በእጇ ታሻሽ ነበር።

«እኔ ነኝ የሞላሁት፣» አለች ሳትጠየቅ። «እሱ ለምኖኝ ነው። ዶክተሩ ፊቱን ፖስተር ላይ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። 'ይኸ ዱቄት በስድስት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ጡንቻ ይሠራል' በል አለው። ወንድሜ ደግሞ ያላየውን አይልም። 'እንፈትነው፤ ከሠራ እላለሁ' አለው።»

ዶክተሩ የተባለው የጡንቻ ዱቄት ሻጭ ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ከጂሙ አሥራ ሁለት ሰው ተመርጦ፣ እያንዳንዱ ከባርኔጣ ውስጥ የጣሳ ቁጥር በዕጣ አወጣ፤ ግንቡን ሰባት ቁጥር ደረሰው። ስድስቱ የዶክተሩን ዱቄት፣ ስድስቱ ደግሞ እህትየው በቀለምም በጣዕምም አመሳስላ የሠራችውን የበቆሎ ዱቄት፣ የወተት ዱቄትና ካካዎ ድብልቅ ይጠጣሉ። ማን የትኛውን እንደሚጠጣ ጠጪዎቹም፣ አሠልጣኙም፣ በየሐሙሱ የሚመዝኗቸው አባትም አያውቁም። ዝርዝሩ ያለው በታሸገ ፖስታ አባት ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እህትየው አዳዲስ ጣሳ አምጥታ በር ላይ አስረክባ ትመለሳለች።

«አትገቢም?»

«አልገባም። የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። ሚዛን ቀን ድርሽ አልልም።»

«መድኃኒቱ እዚህ መደርደሪያሽ ላይ አለ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «አለ። በማዘዣ ነው የሚሸጠው። አንድ ፍሬ እንኳ አልጎደለም፣ ግን ማን ያምነኛል? ጣሳውን የሞላሁት እኔ፣ መድኃኒቱ ያለው እኔ ጋ። አባቴ ሲያዩኝ አንገታቸውን ያዞራሉ።»

ስልክ ጮኸ። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ነበረች፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ የተናደደ ሰው ይመስላል። «መድኃኒቱ ጣሳው ውስጥ ነው። ግን አደባለቁ የሚያሳፍር ነው፤ ከላይ ሦስት ጣት ያህሉ ድፍን መርዝ፣ ከሥር ያለው ንጹሕ። ማሸጊያውም ተነሥቶ እንደገና ተለጥፏል፤ ሁለት ዓይነት ማጣበቂያ ነው ያገኘሁት።»

«ዱቄቱስ? የሻጩ ነው ወይስ የእህቱ?»

«እሱን አትጠይቂኝ። የሻጩንም ገዝቼ መረመርኩት። በቆሎ፣ ወተት፣ ካካዎ! አልለይ አሉኝ እኮ!»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ ልጅቷን አየቻት። «አንቺ ትንሽ መድኃኒት ብዙ ዱቄት ውስጥ መጨመር ቢኖርብሽ እንዴት ነው የምትደባልቂው?»

«በእኩል በእኩል ነዋ። መጀመሪያ መድኃኒቱን ከእኩያው ዱቄት ጋር፣ ከዚያ ያንን ከእኩያው ጋር፣ እያልኩ እስኪያልቅ። በማንኪያ ዝም ብሎ ማማሰል እኮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም አያደርገው፣» አለች፤ ለአፍታ ፍርሃቷን ረስታ በሙያዋ ኮርታ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ይኸንንም ጻፈች።

*

ዶክተሩ ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ውስጥ በደስታ ተቀበላት። ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ቢሆንም ነጭ ጋዋን ከበሩ ኋላ ሰቅሏል።

«ያሳዝናል፣ ኢንስፔክተር። እንደ ወንድሜ ነበር። ማክሰኞ እኔ የንግድ ትርኢት ላይ፣ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ሰኞ ሄጄ ትናንት ማታ ተመለስኩ። የሆቴሉን ደረሰኝ ላሳይዎት?»

«ማክሰኞን አልጠየቅሁዎትም፣» አለች፤ ግን ደረሰኙን ተቀበለችው። እውነተኛ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን ወረቀት ቀና ብላ አነበበችው። «በጥናት የተረጋገጠ» ይላል ርዕሱ።

«ስንት ሰው ነው የተጠናው?»

«ስምንት። ስምንቱም ተለወጡ!»

«ዱቄቱን ያልጠጡስ ስንት ነበሩ?»

«ያልጠጣ ሰው ምን ይጠናል?» ብሎ ሳቀ።

ከወረቀቱ ሥር ሁለት ፎቶ አለ። «ከመጀመሩ በፊት» በሚለው ላይ አንድ ሰው ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ሆዱን ለቆ ቆሟል። «ከስድስት ሳምንት በኋላ» በሚለው ላይ ያው ሰው ቅባት ተቀብቶ፣ መብራት በርቶለት፣ ትንፋሹን ውጦ ደረቱን ነፍቷል። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አደረገች። በሁለቱም ፎቶዎች ግራ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ፤ የፕላስተሩ ጫፍ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ ተልጧል።

«የማይድን ቁስል ነበረበት ሰውየው?» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም።»

ሰው ስለ ፎቶ ስለዋሸ ነፍሰ ገዳይ ነው አይባልም። ይኸን ለራሷ ደጋግማ እየነገረች ደረጃውን ወረደች።

*

የሽማግሌው መሥሪያ ቤት ጠባብ ክፍል ናት። የናስ መመዘኛዎች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈዋል፤ አንዱም አቧራ የለበትም።

«ደብተሩ ይኸውልሽ፣» አሉና ዘረጉት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግንቡ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት የዶክተሩን ወረቀት ገልብጦ፣ ከጎኑ በእርሳስ ጥያቄ ጽፎበታል። «ስምንቱ ሰዎች ከዚያ በፊት ብረት ያነሱ ነበር? (ደውዬ ጠየቅሁ። አንዳቸውም።) አዲስ ሰውማ ውሃም ጠጥቶ በስድስት ሳምንት ይለወጣል፤ እኔም ተለውጫለሁ። የመዘናቸው ማን ነው? ሻጩ ራሱ። ሚዛኑን ማን አየው? ዘጠኝ ኪሎ፦ ጡንቻ ነው ወይስ ክብደት?»

«ሚዛን ከመጠየቅህ በፊት መዛኙን ጠይቅ እያልኩ ነው ያሳደግሁት፣» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከፍ አለ እንጂ አልተሰበረም። «ሌላው ልጅ ኳስ ሲጫወት እሱ እዚህ ተቀምጦ የናስ ድንጋይ ሲያብስ ነው ያደገው። እንዲህ ያለ ልጅ ተደብቆ ይወጋል?»

የመጨረሻው ገጽ የቅዳሜ ነበር። «አራተኛው ሚዛን ተደመረ። ከአሥራ ሁለታችን ተለይቶ የወጣ የለም። ለዶክተሩ ነገርኩት። ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ ቢያምርም ባያምርም ውጤቱን እዚሁ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ አልኩት። ሳቀ።»

«ጣሳዎቹ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ፣» አለች ኢንስፔክተሯ እንደ ማሰብ ብላ። «ቁልፉ ያለው ደግሞ አሠልጣኙ ጋ ነው።»

*

አሠልጣኙ እሑድ የት እንደነበር ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠ። አራተኛው ላይ ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየው ጀመር። እንደ በር የሰፋው ሰውዬ እንደ ተማሪ ቀላ።

«እዚህ ነበርኩ። ጂሙ ዝግ ነው፤ ብቻዬን ገባሁ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልቀምስ።»

«ምን?»

«ጣሳዎቹን! ማሸጊያቸው የተቀደደውን፣ ካለፈው ሳምንት ያላለቁትን ሁሉ በየተራ ቀመስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ 'የዱቄት ነገር ከአፌ አያመልጥም' እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ማን የትኛውን እንደሚጠጣ ለይቼ ጉድ ላሰኛቸው ነበር ሐሳቤ።»

«ለየህ?»

«አንዱንም!» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ግንቡ ቢሰማ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር በሳቅ። ይኸን ከመናገር እስር ቤት ብገባ ይሻለኛል ብዬ ነው የዋሸሁት።»

ኢንስፔክተሯ ፈገግታዋን ዋጠች። «ብቻህን ነበርክ?»

«መጀመሪያ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ በር ተንኳኳ። ዶክተሩ ነው፤ አዲስ ፖስተር ይዞ። ማንኪያውን ኪሴ ከትቼ ከፈትኩለት። እሱ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሲለጥፍ እኔ አፌን ልጉመጠመጥ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እዚያ ትንሽ ቆየሁ… ስምንት ጣሳ ነው የቀመስኩት።»

«በምን ነበር የሚለጥፈው?»

«በባልዲ ማጣበቂያ ነበረው። በብሩሽ።»

ምክትሏ የፖስተሩን ጥግ በምላጭ ፍቆ ወረቀት ላይ ሰበሰበ። ማምሻውን የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደወለች፤ ማጣበቂያው አንድ ነው። ምክትሏ ሊጨፍር ቃጣው። ኢንስፔክተሯ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ያ ባልዲ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ብሩሹን ማንም ማንሣት ይችላል። አሠልጣኙ ራሱ እዚያው ነበር። አንድ ነገር ይቀረናል። ግንቡ የሚጠጣው የትኛውን ነው?»

*

«አይከፈትም፣» አሉ ሽማግሌው። ፖስታውን ደረታቸው ላይ ለጥፈውታል። «አሥራ አንዱ ልጆች፣ የዚህ ሳምንት ሚዛን ስለተላለፈ፣ ሁለት ሳምንት ይቀራቸዋል። ተማክረው ሊጨርሱት ቆርጠዋል። ይኸ ከተከፈተ የልጄ ሥራ ፈረሰ ማለት ነው።»

«ካልተከፈተ ደግሞ ስሙ ይፈርሳል፤ አባባ፣ የሴት ልጅዎም ጭምር።»

ልጅቷ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ከስንት ቀን በኋላ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ግን የኔ ቃል አይበቃም። ተጠርጣሪ ነኝ።» ከዚያ በዝግታ አለች፣ «አንድ መስመር ብቻ ማየት ይቻላል።»

ሽማግሌው ገባቸው። ካርቶን አነሡ፣ ምላጭ አነሡ፤ በማስመሪያ ለክተው አንዲት ቀጭን መስኮት ቆረጡ። ምክትሉ ማኅተሙ እንዳልተነካ አረጋገጠና ፖስታውን ቀደደ።

«አንተ ሚዛን ቀን ድርሽ ስለማትል አንተ አስተካክልልን፣» አሉት። «አንቺ ደግሞ ዞር በይ፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔም?»

«ሐሙስ ልጆቹ ሲመዘኑ መጥተሽ ማየትሽ አይቀርም። ያወቀ ሰው ፊቱ ይናገራል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምርመራ ስትመራ «ዞር በይ» ያላት ሰው አልነበረም። ዞረች፤ ዞራም በሽማግሌው ኮራች። ምክትሏ «ዝግጁ ነው» ሲል ሁሉም ወደ ካርቶኑ ጎነበሱ። በቀጭኗ መስኮት ውስጥ ሦስት ቃል ነበር።

*ሰባት ቁጥር፦ በቆሎ።*

ሽማግሌው ተቀመጡና፣ «በአራተኛው ሚዛን ሳምንት በሕይወቱ አንሥቶ የማያውቀውን አነሣ፤ አገር ጉድ አለ፣» አሉ። «በበቆሎ ዱቄት ነው ያነሣው። ልጄ በበቆሎ ዱቄት!» ጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ፤ አልጠረጉትም። እጃቸውን ወደ ሴት ልጃቸው ዘረጉ።

*

«አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ዶክተር፣» አለች ኢንስፔክተሯ በማግሥቱ። ምክትሏ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ መጋዘኑን እየፈተሸ ነው። «ግንቡ ከሁለቱ የትኛውን ነበር የሚጠጣው ይመስልዎታል?»

«ምን ጥያቄ ነው? የኔን ነዋ!»

«እንዴት አወቁ? በዕጣ ነው የተከፋፈለው።»

«ዕጣው ለተራው ሰው ነው፣ ኢንስፔክተር። የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ከጀማሪ ጋር ተሰልፎ ዕጣ ይጎትታል? ለይስሙላ እጁን ከቶ ይሆናል እንጂ፣ ለሱማ እውነተኛውን ነው የሚሰጡት። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

«ያንን አውቃለሁ፣» አለችና ካርቶኑን ከነመስኮቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሰውየው ሦስቱን ቃል ደጋግሞ አነበበ።

«በቆሎ?» አለ። «ለሻምፒዮን?»

«መድኃኒቱ የተገኘው ሰባት ቁጥር ጣሳ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ማሸጊያውን በውሃ አርሶ ላጠው፣ መድኃኒቱን በማንኪያ አማሰለ፣ በፖስተር ማጣበቂያ መልሶ አሸገው። ለምን? ሰባት ቁጥር ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲወጣ፤ ዱቄቱ ሠራ እንዲባል። እንግዲህ ይኸ ሰው ሰባት ቁጥር የርስዎ ዱቄት መሆኑን አምኗል። እህትየው ዝርዝሩን በእጇ ጽፋለች፤ በቆሎ መሆኑን ታውቃለች። አሠልጣኙና ልጆቹ ግንቡ እንደነሱ ባርኔጣ ውስጥ እጁን ሲከት አይተዋል፤ አንዳቸውም አያውቁም፣ አለማወቃቸውንም ያውቃሉ። ከተማውን ሙሉ ጠየቅሁ፣ ዶክተር። ሳያውቅ እርግጠኛ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት።»

በሩ ተከፈተ። ምክትሏ ከፖስተሮች ጥቅል ውስጥ ያገኘውን የመድኃኒት ብልቃጥ በፕላስቲክ ይዞ ገባ። ግማሹ የለም።

ዶክተሩ ብልቃጡን ሳይሆን ካርቶኑን ነበር የሚያየው። «እንዲሞት አልነበረም፣» አለ። «ትንሽ ጨመር አድርጎ እንዲያነሣ ብቻ ነው። የሳምንቱን መጠን ነው ያደረግሁት… በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚደርሰው መስሎኝ…»

«ሳይጨምሩለትም እያነሣ ነበር፣» አለች ኢንስፔክተሯ።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ጂሙ ጢም ብሎ ነበር። አሥራ አንዱ ሰዎች በየተራ ሚዛን ላይ ወጡ። ሽማግሌው እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ መዘኑ፤ አንዱ ወፍራም «ጋሼ፣ ካልሲዬን ላውልቅ?» ሲል «ባለፈውስ አውልቀህ ነበር?» አሉት፤ «አልነበረም»፤ «እንግዲያው ተወው።»

ፌዴሬሽኑ አዲስ ደብዳቤ ልኮ ነበር። አሠልጣኙ ጮክ ብሎ አነበበው፦ ካለፈው ውድድር የተወሰደው ናሙናም፣ የቀደሙት ባዶ ጣሳዎችም ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል፤ ሦስቱም ሜዳሊያዎች የግንቡ ናቸው። ጭብጨባው እስኪበርድ ቆሞ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ለሽማግሌው በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ከዚያ ፋርማሲስቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዛን ቀን ገባች። ካርቶኑ ተነሣ። አባት አነበቡ፣ ልጅ ደመረች፣ አባት እንደገና ደመሩ። የዶክተሩን ዱቄት የጠጡት በአማካይ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ጨምረዋል። በቆሎ የጠጡት፣ ፈተናውን ሳይጨርስ የሞተው ግንቡ ሳይቆጠር፣ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።

«በቆሎ አሸነፈ!» ብሎ ጮኸ ወፍራሙ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«አላሸነፈም!» ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ። «መቶ ግራም ልዩነት ውሃ የጠጣና ያልጠጣ ሰው ልዩነት ነው። እኩል ናቸው። አሥራ አንድ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ይኸም ይጻፍ። የማናውቀውን አናውቅም እንላለን!»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ጡንቻ ምንድን ነው ያመጣው?»

«ብረቱ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለ አሠልጣኙ። «እኔ ነኛ!»

«አንተማ አፍህም አይለይ!» ብሎ አንዱ ከኋላ መለሰለት፤ ጣሳ የመቅመሱ ነገር እንደምንም ወጥቷል። አሠልጣኙ ማን እንደተናገረ ሊይዝ ተንደረደረ። ሽማግሌው ደብተሩን ከፍተው በልጃቸው ጽሕፈት ሥር በራሳቸው ጽሕፈት ቁጥሮቹን መገልበጥ ጀመሩ፤ ሴት ልጃቸው በትከሻቸው ላይ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ስድስት ቁጥር ላይ ነጥቧን ረስተዋል» አለቻቸው፤ «አልረሳሁም፣ ገና እየጻፍኩ ነው»፤ ወፍራሙ «በቆሎ ስንት ማንኪያ ነበር የምንጠጣው?» እያለ ይጠይቃል፤ አሥራ አንዱም ደብተሩን ለማየት እየተጋፉ ጠረጴዛውን ከበቡት። ኢንስፔክተሯ ከአግዳሚው ላይ ቦርሳዋን አነሣች፣ በሰፋፊ ጀርባዎች መካከል ጎን ጎኗን አለፈችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።